ስምንት ኤርባግ፣ ሦስት ቅዳሜ፤ የእጅ ዋጋ ማስታወሻ

ፌብሩዋሪ 22፣ ቅዳሜ

ጠዋት ስወጣ ሞተርሆሟን በፊት ግራ ጥጓ ተንበርክካ አገኘኋት። ማታ ቀጥ ብላ ነበር የቆመችው። አሁን የጎማው አናት አካሏ ውስጥ ገብቶ አይታይም።

ለማያውቃት ላስተዋውቅ። የ2004 ሞናኮ ዲፕሎማት ናት። 38 ጫማ ርዝመት አላት። የናፍጣ ሞተሯ ከኋላ ነው። አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያላት፣ አውቶቡስ የምታህል ቤት ናት። በጁላይ መጀመሪያ ለሚደረገው የኢትዮጵያውያን እግር ኳስ ውድድር ቤተሰቡን በሙሉ ይዤባት መሄድ እፈልጋለሁ። አራት ወር አለኝ።

እንዲህ ያለ መኪና እንደ አገር ቤቱ አይሱዙ በባሌስትራ ላይ አይቀመጥም። ክብደቱን የሚሸከመው አየር ነው። በአክስሉና በሻንሲው መካከል ወፍራም የጎማ ከረጢቶች አሉ። ትራክ የሚነዱት ወገኖቻችን ኤርባግ ይሏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። በግጭት ጊዜ ከመሪው የሚወጣው ሌላ ነው። የእኔዋ ስምንት አሏት፤ አራት ከፊት አክስል፣ አራት ከኋላ። አየሩ የሚመጣው ፍሬኑን ከሚመግበው ከዚያው ኮምፕሬሰር ነው። ስለዚህ ኤርባግ ሲያፈስ ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም።

ሞተሩን አስነሳሁ። አየሩ ቀስ እያለ ሞላ፣ ጥጓም ተነሳ። አጥፍቼ ሰዓት ያዝኩ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተመልሳ ወረደች።

ፌብሩዋሪ 23፣ እሑድ

ዛሬ ቅበላ ነው። ከምሳ በኋላ የሳሙና ውሃ በመርጫ ጠርሙስ ሞልቼ ወጣሁ። ሥሯ አልገባሁም። በጎማው ጎን በኩል በረጅም ቱቦ እየረጨሁ በባትሪ መብራት አየሁ።

መጀመሪያ ቱቦው ከኤርባጉ ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ ረጨሁ። ቀጥሎ ከፍታ የሚቆጣጠረውን ቫልቭ። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። ብዙ ሰው መኪናው ሲወርድ ወዲያው ኤርባግ ያዛል። ጥፋቱ ግን የጥቂት ዶላር መጋጠሚያ ሊሆን ይችላል። የእኔ መጋጠሚያዎች ደህና ናቸው። አረፋው የወጣው የኤርባጉ ጎማ ከሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ ያውም በሁለት ኤርባጎች ላይ። አንደኛው ላይ ስንጥቁ ጠልቆ ውስጡ ያለው ክር ይታያል። ክሩ ከታየ ነገሩ አለቀ። ኤርባግ አይለጠፍም፤ ይለወጣል።

ኤርባጉ ላይ የታተመውን ቀን ጠርጌ አነበብኩት። 2003 ይላል። ከተሠራች ጀምሮ አልተለወጡም ማለት ነው። ሃያ ዓመት ከበቂ በላይ አገልግለዋል።

ፌብሩዋሪ 26

ሦስት ቦታ ዋጋ ጠየቅኩ። ለስምንቱም።

የመጀመሪያው ሞተርሆም የሚሸጥና የሚጠግን ድርጅት ነው። የእጅ ዋጋ 24 ሰዓት በ195 ዶላር፤ 4,680 ዶላር። ኤርባጉ አንዱ 310፤ ስምንቱ 2,480። ለጨርቅ፣ ለቅባትና ለመሳሰለው 240። በድምሩ 7,400 ዶላር፣ ታክስ ሳይጨመር። ወረፋው ስድስት ሳምንት ነው። ከውጭ የገዛሁትን ዕቃ አይገጥሙም።

“24 ሰዓት እንዴት መጣ?” ብዬ ጠየቅኩ። ልጁ በትሕትና መለሰልኝ፤ ለአንዱ ሦስት ሰዓት፣ ሲባዛ በስምንት። እዚህ ላይ ቆም አልኩ። አንድ ኤርባግ ለመለወጥ መኪናውን ማንሳት፣ መደገፍ፣ አየሩን ማውጣት፣ ጎማ መፍታት አለ። ሁለተኛውን ስትለውጥ ግን ይህ ሁሉ ተሠርቶ አልቋል። ታዲያ ሦስት ሰዓቱ ስምንት ጊዜ ለምን ይባዛል? ልጁ መልስ አልነበረውም። ዋጋውን የሚያወጣው ኮምፒዩተሩ ነው አለኝ።

ሁለተኛው የትራክ ጋራዥ ነው። 14 ሰዓት በ165፤ 2,310 ዶላር። ኤርባጉ 215፤ ስምንቱ 1,720። ድምር 4,030። ግን በግልጽ ነገሩኝ፦ ዝገት የያዘው ብሎን ካስቸገረ ሰዓቱ ይጨምራል። ለሠሩበት የአንድ ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ።

ሦስተኛው ቤት ድረስ የሚመጣ መካኒክ ነው። ለአንዱ 275፤ ለስምንቱ 2,200 የእጅ ብቻ። ዕቃውን እኔ አቀርባለሁ። ጠጠር ላይ አይሠራም። ከፍታውን አያስተካክልም።

በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት ቀኑን ሙሉ ሲያሳስበኝ ዋለ። ሥራው ያው ነው። ነገር ግን የትራክ ጋራዡ ወለሉ ላይ ጉድጓድ አለው፤ መካኒኩ ቆሞ ነው የሚሠራው። ኤርባግ ደግሞ ለእነሱ የዕለት እንጀራቸው ነው። ብዙው ተሳቢ በኤርባግ ነው የሚሄደው። የሞተርሆም ድርጅቱ ብዙውን ጊዜ የሚጠግነው ጣሪያ፣ ፍሪጅና የውሃ ፓምፕ ነው። የሻንሲ ሥራ ሲመጣበት ሰዓቱን አብዝቶ ራሱን ይጠብቃል። አልፈርድባቸውም። ግን ያንን ጥበቃ የምከፍለው እኔ ነኝ።

ከዚህ በኋላ ዋጋ ስጠይቅ “ስንት ብር?” አልልም። “ስንት ሰዓት? ምኑ ምኑ ነው?” እላለሁ።

ማርች 1

ሁለቱን ብቻ ልለውጥ ወይስ ስምንቱን? ለጋሼ ደወልኩ። ጋሼ አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ያደጉ መካኒክ ናቸው። አሁን እዚህ ሜሪላንድ የራሳቸውን ትራክ ይነዳሉ።

“አንድ ቀን የተወለዱ ናቸው፤ አንድ ሰሞን ነው የሚሞቱት” አሉኝ። “ሁለቱን ለውጠህ ስድስቱን ብትተዋቸው በነሐሴ መንገድ ላይ ታገኛቸዋለህ።”

ሒሳቡም የሚለው ይህንኑ ነው። ከሥራው ውስጥ ትልቁ ክፍል ዝግጅቱ ነው። ዝግጅቱን አንዴ ከከፈልኩ የቀሩት ኤርባጎች የእጅ ዋጋቸው ትንሽ ነው።

ቀጥለው ያሉት ደግሞ፦ “ዕቃውን ግዛና ወደ ግቢዬ አምጣት። አብረን እንሠራዋለን።” ትራካቸውን የሚያቆሙበት ግቢ ወለሉ ወፍራም ሲሚንቶ ነው። ለዚህ ሥራ ከመሣሪያ ሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ማርች 8

ኤርባጎቹ ደረሱ። ስምንቱ 1,424 ዶላር፤ አንዱ 178። በሣጥን ቁጥር ሳይሆን አሮጌው ላይ ከታተመው ቁጥር ጋር አመሳክሬ ነው ያዘዝኩት። አዲስ መጋጠሚያ፣ የናይለን ቱቦ፣ አዲስ ብሎንና ዳዶ፣ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት 163 ዶላር ወጣበት።

ሞተሩ እየሠራ ወደ ግቢው በቀስታ ነዳኋት። ኮምፕሬሰሩ የሚፈሰውን እየተካ አደረሰኝ። እዚያው ትቆያለች።

ዛሬ የሠራሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከውጭ ሆኜ የምደርስበትን ብሎንና ዳዶ ሁሉ በሽቦ ብሩሽ ጠርጌ ዘይት ነከርኩት። ነገም ከነገ ወዲያም እደግመዋለሁ። እዚህ አካባቢ ክረምት መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። የሃያ ዓመት ጨው ምን እንደሚሠራ ብሎኖቹ ይመሰክራሉ። አንድ ሳምንት ዘይት መንከር ገንዘብ አያስወጣም። ጋራዥ ውስጥ ግን በሰዓት 165 ዶላር የሚቆጠረው ይኸው ዝገት ነው። ሥራውን ለጋራዥ የምትሰጡም ብትሆኑ ይህችን ራሳችሁ አድርጓት።

ማርች 15፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ

ጠዋት 2 ሰዓት ጀመርን። ብሎን ከመንካታችን በፊት ሁለት ሰዓት ሙሉ በድጋፍ ላይ ጠፋ። ጠፋ ማለት አይገባኝም። ከቀኑ ሥራ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር።

ይህች መኪና ስትጫን እስከ 30,000 ፓውንድ ትደርሳለች፤ ከ13 ቶን በላይ ማለት ነው። ኤርባጉ ድንገት ቢተነፍስ ሻንሲው ባንዴ ወደ አክስሉ ይወርዳል። በጎማውና በአካሉ መካከል ያለው ክፍተት ያኔ የሰው ጭንቅላት አያስተርፍም። በዚህ ሥራ ሰው ሞቷል። መኪናዋ ራሷን የምታስተካክልበት የሃይድሮሊክ እግር አላት፤ ግን ሥሯ ለሚገባ ሰው ድጋፍ አይሆንም። ዘይቱ ካፈሰ እግሩ ይታጠፋል። ክሪክም ያው ነው፤ ያነሳል እንጂ አይጠብቅም።

ስለዚህ በ210 ዶላር ሁለት ተጨማሪ የብረት መቆሚያ ገዛሁ፤ እያንዳንዱ 20 ቶን የሚችል። ከጋሼ ሁለቱ ጋር አራት ሆኑ። ሻንሲው ሥር ገቡ። ከአጠገባቸው ወፍራም እንጨት ደረደርን። የኋላ ጎማዎቹን በግራም በቀኝም በሽብልቅ ያዝናቸው። ከዚያ የአየር ጋኖቹን ሁሉ ከፍተን ጌጁ ዜሮ እስኪል ጠበቅን። አየሩ ሲያልቅ የኋላው ፍሬን በስፕሪንጉ ራሱን ይቆልፋል፤ ይህ ተጨማሪ መተማመኛ ነው። ጋሼ በመጨረሻ አካሏን በሁለት እጃቸው ይዘው ወዘወዙ። አልተነቃነቀችም። “አሁን ግባ” አሉኝ።

የመጀመሪያው ኤርባግ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወሰደ። ጎማውን መፍታት፣ ቱቦውን ማላቀቅ፣ የላዩን ዳዶ በጠባብ ቦታ እየተጣመምን መፈለግ። ቁልፉ አንድ ጥርስ ብቻ ነው የሚዞረው። ጋሼ መብራት እየያዙ ይመሩኛል። ዳዶ፣ ብሎን፣ ክሪክ፤ የተማሩባቸው የጣሊያን ቃላት ሜሪላንድም ውስጥ ሥራ ላይ ናቸው።

ሁለተኛው 1 ሰዓት ከ50 ፈጀ። እጃችን ቦታውን አውቆታል።

ምሳ የጾም ነበር። ባለቤቴ ሽሮና ጎመን ልካልናለች። ለሁለታችን የሥራው ሰዓት 7 ተኩል፤ ሲደመር 15 የሰው ሰዓት።

ማርች 22፣ ሁለተኛው ቅዳሜ

ሦስተኛው 1 ሰዓት ከ20፣ አራተኛው 1 ሰዓት ከ10። የፊቱ አለቀ።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ። የሦስተኛውን ቱቦ በመቁረጫ ሳይሆን በቢላ ቆረጥኩት። ጫፉ ሰያፍ ሆነ። አየር ስንሞላ አፈሰ። የናይለን ቱቦ ጫፉ ቀጥ ብሎ ካልተቆረጠ መጋጠሚያው ውስጥ ያለው ጎማ አይዘጋውም። ግማሽ ኢንች በመቁረጫ ቆርጬ እስከ መጨረሻው ገፋሁት፤ ቆመ።

ጋሼ ያስተማሩኝ ሌላው ነገር አወራረዱ ነው። አዲሱ ኤርባግ ባዶውን እያለ ክብደት አይጫንበትም። መጀመሪያ ጥቂት አየር ይሞላል፤ ጎማው በቦታው እንዲታጠፍ። ከዚያ ነው ክብደቱ ቀስ ብሎ የሚሰጠው። ባዶውን ብትጭኑበት ተጣጥፎ ይቆነጠጣል፤ ያኔ በአዲስ ዕቃ ላይ አዲስ ስንጥቅ ነው።

ከዚያ ድጋፉን ወደ ኋላ አዞርን። የፊት ጎማዎቹን በሽብልቅ አሰርን። አምስተኛው፣ የኋላ ግራ፣ አራት ሰዓት ሙሉ ፈጀ። የታችኛው ብሎን እንደ ድንጋይ ሆኗል። የሁለት ሳምንት ዘይት አልበገረውም። በረጅም ቱቦ አስረዝመን ገፋነው፤ ጭንቅላቱ ተገነጠለ። በመጨረሻ ጋሼ በግራይንደር ቆረጡት። እኔ የእሳት ማጥፊያ ይዤ ቆምኩ። በአካባቢው ያለውን የአየር ቱቦና የኤሌክትሪክ ገመድ በእርጥብ ብርድ ልብስ ሸፍነን ነበር።

የትራክ ጋራዡ “ዝገት ካስቸገረ ሰዓቱ ይጨምራል” ያለው ይህንን ነው። ልክ ነበሩ። ይህን ሰዓት ማንም አስቀድሞ ሊገምተው አይችልም።

6 ሰዓት ተኩል፤ 13 የሰው ሰዓት።

ማርች 29፣ ሦስተኛው ቅዳሜ

ስድስተኛው 1 ሰዓት ተኩል። ሰባተኛው 1 ሰዓት። ስምንተኛው 50 ደቂቃ።

ስምንተኛው 50 ደቂቃ! ከ3 ሰዓት ከ40 ተነስተን። የትራክ ጋራዡ መካኒክ በዓመት ስንቱን እንደሚለውጥ ሳስብ 14 ሰዓቱ ገባኝ። የሚሸጡልን ያንን ልምድ ነው።

የጎማ ዳዶዎቹን በ450 ፉት-ፓውንድ አጠበቅን። ጋኖቹን ሞላን። ስምንቱንም በሳሙና ውሃ አረሰረስናቸው። አንድም አረፋ የለም። ከነዝግጅቱ 5 ሰዓት፤ 10 የሰው ሰዓት።

ማርች 30

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢው ጎራ አልኩ። ማታ በአራቱም ጥግ ከወለሉ እስከ አካሏ በሜትር ለክቼ ጽፌ ነበር። ዛሬም ያው ነው። ሩብ ኢንች እንኳ አልወረደችም።

ኤፕሪል 5

ለአንድ ሥራ ብቻ ወደ ትራክ ጋራዡ ሄድኩ፤ ከፍታውን ለማስለካት። ኤርባግ ሲለወጥ መኪናው የሚቆምበት ከፍታ ከፋብሪካው ልክ ጋር መመሳከር አለበት። ከፍ ወይም ዝቅ ካለ መሪው ይለወጣል፤ ከሞተሩ ወደ አክስሉ የሚሄደው ዘንግም ማዕዘኑ ይዛባል። ለዚህ ፍጹም ጠፍጣፋ ወለልና የፋብሪካው ቁጥር ያስፈልጋል።

የኋላ ቀኙ ሦስት አራተኛ ኢንች ዝቅ ብሎ ተገኘ። የቫልቩን ዘንግ አስተካከሉት። 2 ሰዓት፣ 330 ዶላር። ከከፈልኩት ሁሉ ያልቆጨኝ ይህ ነው። መካኒኩ ሥራችንን በጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ አንድ በአንድ አየልኝ። የጎማ ዳዶዎቹንም ደግሞ ፈተሸ፤ ከተወሰነ ጉዞ በኋላ መፈተሽ አለባቸው።

ስመለስ ባለቤቴ ከአጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ድልድዩ መጋጠሚያ ላይ ስንደርስ እንደ ድሮው ሳህኑ የሚንኳኳ መስሏት እጇን ዘረጋች። አልተንኳኳም።

ኤፕሪል 6፣ ሒሳብ

ከኪሴ የወጣው፦ ኤርባግ 1,424፣ መለዋወጫ 163፣ መቆሚያ 210፣ ከፍታ ማስተካከያ 330። ድምር 2,127 ዶላር።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻላል። “በ2,127 ጨረስኩት፤ ጋራዥ 7,400 ብሎኝ ነበር” ብዬ ላወራ እችላለሁ። ብዙ ሰው እንዲህ ሲያወራ ሰምቻለሁ። እውነት ግን አይደለም። 38 የሰው ሰዓት ተሠርቷል። ግማሹ፣ 19 ሰዓት፣ የጋሼ ነው። የእሳቸውን እጅ ዜሮ ብዬ ልጽፍ አልችልም።

የጋራዥ 165 ዶላር ሁሉ ለመካኒኩ እንደማይደርስ አውቃለሁ። የቤት ኪራይ፣ ኢንሹራንስ፣ መሣሪያና ዋስትና አለበት። ስለዚህ የጋሼን ሰዓት በ60 ዶላር አሰብኩት፤ 1,140። ከላዩ ጋር 3,267 ይሆናል። የትራክ ጋራዡ 4,030 ነበር፤ አምስተኛው ብሎን ሁለት ሦስት ሰዓት ቢጨምርበት ወደ 4,500 ይጠጋል። እኔ ሦስት ቅዳሜ ሠርቼ ያተረፍኩት በዚህ መካከል ያለውን ነው፤ የራሴን 19 ሰዓት ሳልቆጥር።

ስለዚህ ለሚጠይቁኝ የምመልሰው ይህ ነው። የሲሚንቶ ወለል፣ የብረት መቆሚያና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከሌላችሁ አትጀምሩት። ወደ ትራክ ጋራዥ ውሰዷት። ሰዓቱን አስጽፉ። የዝገት ሰዓት ከተወሰነ በላይ ከሆነ ቀድመው እንዲደውሉላችሁ ተስማሙ። ስምንቱንም ባንዴ አስለውጡ።

ማታ 1,140 ዶላሩን በፖስታ አድርጌ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር። ፖስታውን ሳያዩት መለሱልኝ።

“ከአንተ ገንዘብ አልቀበልም።”

“ጋሼ፣ 19 ሰዓት እኮ ነው። ጽፌዋለሁ።”

“ከጻፍከው ጥሩ። እኔ ጎጃም ስወለድ ወንፈል ነበር። የሰው ማሳ ላይ አንድ ቀን ከሠራህ ያ ሰው ያንተ ማሳ ላይ አንድ ቀን ይሠራል። ገንዘብ አይገባበትም። የእኔም ትራክ ኤርባጎች አርጅተዋል። እጅህን አምጣ።”

ኤፕሪል 12

ጋሼ ግቢ፣ ጠዋት 2 ሰዓት። የትራካቸው የኋላ አክስሎች። ድጋፉን ዛሬ እኔ ነኝ የደረደርኩት፤ እሳቸው ቆመው አዩ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን አድርገው ወዘወዙት። “ግባ” አሉኝ።

ሁለት ኤርባግ፣ 5 ሰዓት። ነገ ሆሳዕና ስለሆነ በጊዜ ተነሳን። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንሠራም። የቀሩት ከፋሲካ በኋላ ናቸው።

የእኔ ዕዳ፦ 14 ሰዓት።